የሽበት ብር

አውሮፓ ፈጠራ አልቸገራትም። የቸገራት አልጋ ላይ የዋለ ሰው የሚያገላብጥ እጅ ነው። ይህን የማያውቅ የክልል ሹም፣ ይህን የማያውቅ የፕሮጀክት አስተባባሪ የለም። ሆኖም ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዘቡም፣ ጉባኤውም፣ ሽልማቱም ለፈጠራው ሲታደል ለእጁ የደረሰው ጭብጨባ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በ2020 ጸደይ፣ ሰው ሁሉ በኮሮና ተዘግቶ ሳለ፣ ከየበረንዳው ለጥቂት ሳምንታት ተሰምቶ ቀረ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 2005 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ወር የጀርመኗ ኖርድራይን-ቬስትፋለን ግዛት ቦን ከተማ ላይ ጉባኤ ጠራች። የከሰል ጉድጓዶቿ አንድ በአንድ እየተዘጉ፣ ሕዝቧ እያረጀ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል፤ አረጋውያን በዙ ብሎ ከማልቀስ ብዛታቸውን ገበያ ማድረግ። ከጉባኤው መግለጫ ወጣ፤ የአውሮፓ ክልሎችን በዚህ ዓላማ የሚያስተሳስር ኔትወርክም ሥራ ጀመረ። ስሙ «የአውሮፓ ክልሎች የሲልቨር ኢኮኖሚ ኔትወርክ» ነው። ሲልቨር ብር ማለት ነው፤ ሽበትን ለማቆላመጥ የገባ ቃል። በፈረንጅኛው ጨዋ ይመስላል። አማርኛ ግን ምስጢር አይደብቅም፤ ብር ማዕድኑም ነው፣ ገንዘቡም ነው። የሽበት ብር። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝለትም።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩ እንደ አሸን ፈላ። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ለንቁና ጤናማ እርጅና የሚሠራ የፈጠራ አጋርነት አቋቋመ። ግቡ በ2020 አውሮፓውያን በጤና የሚኖሩበትን ዕድሜ በአማካይ 2 ዓመት ማርዘም ነበር። በአጋርነቱ ውስጥ አርአያ የተባሉ ክልሎችና ከተሞች ተመረጡ፤ በ2013 32 ነበሩ፣ በ2016 74 ደረሱ። እንደ ሆቴልም ኮከብ ይሰጣቸው ነበር። ቀልድ አይደለም፤ የእውነት ኮከብ ነው። ፈረንሳይ በበኩሏ በ2013 ሲልቨር ኢኮኖሚን በመንግሥት ደረጃ እንደ አንድ የኢንዱስትሪ ዘርፍ አወጀች። በዚያው ዓመት ከፓሪስ አጠገብ፣ ኢቭሪ-ሱር-ሴን ላይ፣ «ሲልቨር ቫሊ» ተመረቀ። ስሙ ከየት እንደተቀዳ ለመገመት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም።

በየመድረኩ የሚጠቀሰው ቁጥርም በ2018 መጣ። ለአውሮፓ ኮሚሽን የተሠራ ጥናት የሽበቱ ኢኮኖሚ በ2015 3.7 ትሪሊዮን ዩሮ እንደነበርና በ2025 5.7 ትሪሊዮን እንደሚደርስ ገመተ። ትሪሊዮን የሚል ቃል ሲሰማ የማይቀመጥ ባለሀብት የለም። ግን ምን እንደተቆጠረ ልብ በሉ። ጥናቱ የደመረው ዕድሜያቸው 50 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚያወጡትን ወጪ ሁሉ፣ ወጪው የሚያንቀሳቅሰውንም ሥራ ጨምሮ ነው። የ52 ዓመት ጎልማሳ ለመኪናው ነዳጅ ሲሞላ የሽበት ኢኮኖሚ ነው። ከሚስቱ ጋር ግሪክ ሄዶ ባሕር ዳር ሲተኛም የሽበት ኢኮኖሚ ነው። የ88 ዓመቷ እናቱ ሽንት ቤት የሚያደርሳት አጥታ አልጋዋ ላይ ስትጠብቅ ግን ድምሩ ውስጥ የምትገባው ለገዛችው ዳቦና መድኃኒት ብቻ ነው። ስላጣችው ነገር አንድ ሳንቲም አይቆጠርም። ገበያ ያልተሸጠን ነገር የሚቆጥርበት ዓምድ የለውም።

እንዲህ ዓይነት ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ ላላየ ሰው ነገሩ ረቂቅ ሊመስል ይችላል። ረቂቅ አይደለም። አንድ የክልል አስተዳደር፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ሆስፒታል፣ ጥቂት ትናንሽ ኩባንያዎች ይሰባሰባሉ። ከሌላ ሀገር ካሉ መሰሎቻቸው ጋር ይጣመሩና ለኅብረቱ ማመልከቻ ያስገባሉ። ገንዘቡ ሲፈቀድ ሦስት አራት ዓመት የሚዘልቅ ፕሮጀክት ይወለዳል። ልዑካን እየተዘዋወሩ አንዱ የሌላውን «መልካም ተሞክሮ» ይጎበኛሉ፤ ተሞክሮዎቹ በመዝገብ ይሰፍራሉ። አንዱ ኩባንያ መውደቅን የሚያውቅ ወለል ይሠራል፣ ሌላው መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አፕ፣ ሦስተኛው ማቀዝቀዣው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ለልጅ ስልክ የሚልክ ሴንሰር። ዕቃው በጥቂት ደርዘን ቤቶች ይሞከራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የመዝጊያ ጉባኤ ይደረጋል። ከዚያ ፕሮጀክቱ ያልቃል። ባትሪውም ያልቃል። የሚቀይረው የለም፤ ባትሪ የመቀየር በጀት ፕሮጀክቱ ያለቀ ዕለት አብሮ አልቋል።

ለምን? ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ሌቦች ስለሆኑም አይደለም። ምክንያቱ ኪስ ነው። ኔትወርኩን የሚመራው አካልና የእንክብካቤውን ሒሳብ የሚከፍለው አካል በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው። ጀርመን ውስጥ ገንዘቡ ያለው በ1995 በተጀመረው የእንክብካቤ መድን ካዝና ነው፤ የግዛቱ የኢኮኖሚ ሚኒስቴር ስለ ሲልቨር ኢኮኖሚ ቢሰብክ ካዝናውን አይከፍትም። ጣሊያን ውስጥ ማዕከላዊው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ራሱን ለማይችል ሰው በየወሩ ከ500 ዩሮ ትንሽ ከፍ ያለ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ ምን ላይ እንደዋለ አይጠይቅም፤ ክልሉም ቃል የለውም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ የአረጋውያኑን የእንክብካቤ አበል የሚከፍሉት ከክልል በታች ያሉት አውራጃዎች ናቸው። ስለዚህ ክልሉ ፈጠራውን ያዋልዳል፤ የሚያጠባው ሌላ ቤት ነው፤ ያኛው ቤት ደግሞ ልጁ መወለዱን አልሰማም።

ይህ ጨለምተኝነት እንዳይመስል የሠራ ነገር ይጠቀስ። ፈረንሳይ መካከል ላይ ሊሙዛን የሚባል አካባቢ አለ፤ ከአህጉሪቱ ሽበት ከበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። እዚያ ኮሬዝ በሚባለው አውራጃ አንድ ቀላል ነገር ተሞከረ። አሮጊቷ ሌሊት ከአልጋዋ ስትነሳ ከአልጋው ሥር እስከ መጸዳጃ ቤት በራሱ የሚበራ መብራት። ከመብራቱ ጋር ደግሞ ብትወድቅ የምትጫነው ቁልፍ፣ ከቁልፉ ወዲያ ሰዓት ሙሉ ስልክ የሚያነሳ ሰው። ወደ 200 የሚጠጉ አቅመ ደካማ አረጋውያን ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ካልተገጠመላቸው ግማሾቹ ቤታቸው ውስጥ ሲወድቁ ከተገጠመላቸው የወደቁት ሲሶ ያህል ናቸው። አንድ አረጋዊ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ሲሰበር ምን እንደሚከተል ያየ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሆስፒታል፣ አልጋ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ቤት አለመመለስ።

ልብ በሉ፤ ይህ የተሠራው የእንክብካቤ አበሉን በሚከፍለው አውራጃ ነው። (በጊዜው የአውራጃውን ምክር ቤት ይመራ የነበረው በኋላ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንስዋ ኦላንድ ነበር፤ ለታሪክ ያህል።) አንድ ሰው ሲወድቅ ወጪው የሚቆጠርበት አካል ላለመውደቁ መብራት ለመግዛት ምክንያት አለው። ሌላም አለ። መብራቱ ብቻውን አልተሰቀለም፤ ከጀርባው ስልክ የሚያነሳ ደመወዝተኛ አለ። ያለ እሱ ቁልፉ መጫወቻ ነው።

ሆላንድ ውስጥም ቡርትዞርግ አለ። በ2006 ዮስ ደ ብሎክ የሚባል ነርስ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ጀመረው። ፈጠራው ማሽን አይደለም። ነርሶች ከ12 በማይበልጡ ቡድኖች ሆነው አንድ ሰፈር ይይዛሉ፤ አለቃ የላቸውም፤ ማንን መቼ እንደሚጎበኙ ራሳቸው ይወስናሉ። ቀድሞ በደቂቃ ተሸንሽኖ፣ መርፌ ለአንዷ፣ ገላ ማጠብ ለሌላዋ፣ ቁስል ማሰር ለሦስተኛዋ ተከፋፍሎ የነበረው ሥራ ተመልሶ ለአንድ ሰው ተሰጠ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ነርሶች እንዲህ ይሠራሉ። ኮምፒውተርም አላቸው፤ ኮምፒውተሩ የሚያገለግለው ግን ነርሷን እንጂ ተቆጣጣሪዋን አይደለም። ይህን ሞዴል ከመላው ዓለም የመጣ ልዑክ ጎብኝቶታል። አብዛኛው ልዑክ ፎቶውን ይዞ ተመለሰ፤ አለቃ የማስቀረቱን ነገር ግን እዚያው ትቶት መጣ። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ልዑካኑ ራሳቸው አለቆች ናቸው።

አሁን ወደ 2020። የአውሮፓ አጋርነት ግቡን እመታበታለሁ ያለው ዓመት መሆኑን አትርሱ። ማርች 23 ቀን የስፔን የመከላከያ ሚኒስትር ማርጋሪታ ሮብሌስ በቴሌቪዥን ቀርበው አንድ ነገር ተናገሩ። መጦሪያ ቤቶችን በፀረ ተህዋስያን ለማጽዳት የተላኩ ወታደሮች አረጋውያንን ጨርሶ የተተዉ ሆነው፣ አንዳንዶቹንም አልጋቸው ላይ ሞተው አግኝተዋቸዋል። ይህ በአውሮፓ ነው። ኮከብ ከተሰጣቸው አርአያ ክልሎች መካከል ካታሎኒያ፣ አንዳሉሲያ፣ ባስክና ጋሊሲያ ይገኙበታል፤ የዚችው የስፔን ክልሎች ናቸው። ኔትወርኩ ሰዎቹን ገደለ የሚል የለም፤ እንዲህ ማለት ነውር ነው። ግን ለዘጠኝ ዓመት ስለ አረጋውያን የመከረ አጋርነት መጦሪያ ቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሊቀር እንደሚችል ካላየ ምን ሲያይ ነበር?

ሲያይ የነበረው ዕቃ ነው። መጦሪያ ቤቶቹን ያፈረሰው ግን የዕቃ ጉድለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ2020 ከ5,000 በላይ መጦሪያ ቤቶች የመለሱት መጠይቅ አንድ ነገር አሳየ። ሠራተኛ ሲታመም ደመወዝ የሚከፍሉ ቤቶች ውስጥ ቫይረሱ አረጋውያኑን የያዘው ባነሰ መጠን ነው። ከቤት ቤት የሚዘዋወር ጊዜያዊ ሠራተኛ በሚያበዙት ግን በርትቷል። ምክንያቱን ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ቀርታ ብትውል ልጆቿ ጾማቸውን የሚያድሩባት ሴት እያሳላት ወደ ሥራ ትሄዳለች። ጠዋት አንድ ቤት፣ ማታ ሌላ ቤት ትሠራለች፤ የአንዱ ደመወዝ ኪራይ አይሸፍንማ። እንግዲህ በዚያ ዓመት አረጋውያንን ከሞት ካተረፉ ፈጠራዎች አንዱ የሕመም ፈቃድ ክፍያ ነው። በየትኛው ኔትወርክ መዝገብ ውስጥ እንደ መልካም ተሞክሮ ሰፍሯል? ለየትኛው ክልል ኮከብ አስገኝቷል?

የገበያው ነገር ደግሞ እስከ ጫፉ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ፈረንሳይ በ2022 ጃንዋሪ አየችው። ጋዜጠኛው ቪክቶር ካስታኔ «ቀባሪዎቹ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጣ። ኦርፔአ የተባለው ግዙፍ የመጦሪያ ቤቶች ኩባንያ ላይ ለዓመታት ያደረገው ምርመራ ነው። ውድ በሆኑ ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ዳይፐር በቁጥር ይሰጥ እንደነበር፣ ምግብ በስስት ይመዘን እንደነበር ጻፈ። አክሲዮኑ ተንኮታኮተ፤ በ2023 የመንግሥት የፋይናንስ ተቋም የሚመራው ቡድን ኩባንያውን ተረከበ፤ በ2024 ስሙም ተቀየረ። ስም መቀየር ርካሽ ነው። ዳይፐር በቁጥር መስጠትም በዚያው ቋንቋ ሲነገር «የወጪ ቅልጥፍና» ይባላል። ገበያው አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን አደረገ። ሽበት ብር ነው ሲሉት ብሩን መዘነ።

አንድ ተከራካሪ እዚህ ላይ ብድግ ይላል። ሰው ከየት ይምጣ? በ2023 ከአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ 21.3 በመቶው 65 ዓመት የሞላው ነው። ኮሚሽኑ ራሱ በ2022 ባወጣው የእንክብካቤ ስትራቴጂ አሁን ያለውን ሽፋን ለማስቀጠል ብቻ እስከ 2050 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ሰው ከሌለ ማሽን ግድ ነው ይላል ተከራካሪው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መልስ ይገባዋል።

በዚህ መንገድ ከሁሉ ቀድማ የሄደችው ጃፓን ናት። አንትሮፖሎጂስቱ ጄምስ ራይት አንድ የጃፓን መጦሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሮቦቶች ሲሞከሩ ታዘበ፤ በ2023 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «ሮቦቶች ጃፓንን አያድኗትም» የሚል ነው። አንዱ ሰው የሚያነሳ ማሽን፣ ሌላው አረጋውያንን ስፖርት የሚያሠራ፣ ሦስተኛው ፓሮ የምትባል ነጭ ጸጉራም የባሕር እንስሳ ግልገል የምትመስል አሻንጉሊት ነበረች። ያየው ነገር ሠራተኞቹ ሮቦቶቹን ሲገፉ፣ ሲያጸዱ፣ ሲያስቀምጡ፣ ሲጠብቁ ነው። ሥራ ይቀንሳል የተባለው ሥራ ጨመረ። ተንከባካቢዋ አሁን ሁለት የምትንከባከበው አገኘች።

ይህ ማለት ማሽን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሻግር ማንሻ ለተንከባካቢ ወገብ በረከት ነው፤ በዚህ ሥራ ወገቧ ያልተጎዳ ሴት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ግን የቱ ማሽን እንደሚጠቅም የሚያውቀው የሚያነሳው ሰው ነው። ኔትወርኮቹ ውስጥ ባለሀብቱ አለ፣ ተመራማሪው አለ፣ ሹሙ አለ፤ አልፎ አልፎ ለፎቶ አንድ ሁለት ደልደል ያሉ ጡረተኞች ይጋበዛሉ። የምታነሳው ሴት የለችም። ሥራ ላይ ናታ።

ማን እንደሆነች ደግሞ ይታወቃል። በጀርመን ቤቶች ውስጥ ከፖላንድ፣ ከሩማንያ፣ ከቡልጋሪያ የመጣች ናት። በ2021 ጁን ወር የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት የአንዲት ቡልጋሪያዊትን ጉዳይ አየ። ውሏ በሳምንት 30 ሰዓት ይላል፤ የምታገለግላቸው ከ90 ዓመት በላይ የሆኑ የበርሊን አሮጊት ናቸው፤ እሷ ግን ሌትም ቀንም እዚያው ነበርኩ፣ በሬ ተከፍቶ ነው የምተኛው አለች። ፍርድ ቤቱ ተጠባባቂ ሆኖ መዋልና ማደርም ሥራ ነው፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ይከፈልበታል ብሎ ወሰነ። ቤቶቹ ተደናገጡ። ሥርዓቱ ሁሉ የቆመው በ30 ሰዓት ዋጋ 168 ሰዓት በመግዛት ላይ ነበርና። የሳምንቱ ሰዓት 168 ነው።

ጣሊያን ውስጥ ይህች ሴት ባዳንቴ ትባላለች። ዛሬ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ ይመጣሉ፤ ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሮምና በሚላኖ ቤቶች ቀድመው ከገቡት መካከል የሀበሻ ሴቶች፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያኔ ልጅ ያሳደጉላቸውን ሰዎች ኋላ ያስታመሙ አሉ። ቤይሩት ደግሞ አረጋዊ ወላጅን መንከባከብ «የቤት ሥራ» በሚለው ስም ተጠቅልሎ የሚያልፍ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ በ2020 ጁን፣ አሠሪዎቻቸው ሻንጣቸውን ይዘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸው ሴቶች ምስል ዓለምን ዞሯል። ከእነዚያ አሠሪዎች አንዳንዶቹ መንገዱ ላይ ሲጥሏቸው ቤት የቀሩትን ሽማግሌ ማን እንዳጠባቸው የጠየቀ የለም።

አሜሪካም ሌላ አይደለችም። በዋሽንግተን ዙሪያና በሲያትል በቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሠራ እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት የሌላት የሀበሻ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ2023 የሥራው መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 33,530 ዶላር ነበር። ቴክኖሎጂ እዚህ ሥራ ውስጥ በእርግጥ ገብቷል፤ እንዴት እንደገባ ግን እዩት። በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ በሜዲኬይድ የሚከፈል የግል እንክብካቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ አዘዘ። ማን እንደሰጠ፣ ለማን እንደሰጠ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ጀምሮ ስንት ሰዓት እንዳበቃ ይመዘገባል። በብዙ ቦታ ይህ የሚሆነው ስልኳ ላይ በተጫነ አፕ ነው። ዓላማው ማጭበርበርን መከላከል ነው ተባለ። እሷ የቆመችበትን ቦታ ሳተላይት ያውቀዋል፤ አዛውንቱን ከወንበር ስታነሳ ያመማትን ወገብ የሚመዘግብ ቦታ ግን አፑ ላይ የለም።

እንግዲህ ተከራካሪው «ሰው የለም» ሲል መልሱ ይህ ነው። ሰው አለ፤ በዚህ ዋጋና በዚህ ሁኔታ የሚቆይ ነው የጠፋው። እጥረት የሚባለው ከደመወዝ ተነጥሎ እንደ ድርቅ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በኅብረቱ ሀገራት ደመወዝ ተከፍሏቸው ከሚንከባከቡት 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ከጠቅላላው እንክብካቤ ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን የሚሸከሙት ደግሞ ምንም የማይከፈላቸው ሚስቶች፣ ሴት ልጆችና ምራቶች ናቸው። ርካሽ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። ፈጠራው በዚህ ዋጋ ላይ ከተገነባ አንድ ነገር ብቻ ይፈጥራል፤ ርካሹን የበለጠ ርካሽ የሚያደርግ መላ።

የክልል ኔትወርክ ይፍረስ የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። እንዲያውም እንክብካቤ የሰፈር ጉዳይ ስለሆነ ከብራስልስ ይልቅ ክልልና አውራጃ ቢይዙት ይሻላል፤ ኮሬዝ ያሳየችው ይህንን ነው። መቀየር ያለበት የሚቆጠረው ነገር ነው። አንድ ኔትወርክ ስንት ስታርታፕ አፈለቀ ተብሎ መመዘኑ ይቁምና በክልሉ ያሉ ተንከባካቢዎች በአንድ ሥራ ላይ አማካይ ስንት ዓመት ይቆያሉ፣ ሲታመሙ ይከፈላቸዋል ወይ፣ ሌሊት ተጠባባቂ ሲሆኑ ሰዓቱ ይቆጠራል ወይ ተብሎ ይመዘን። የእንክብካቤውን ሒሳብ የሚከፍለው አካል ከመጀመሪያው ቀን ያልፈረመበት ፕሮጀክት ገንዘብ አይሰጠው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባትሪውን ማን እንደሚቀይር ያልጻፈ ማመልከቻም ይመለስ።

እነዚያን ሴቶች አዳራሽ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል። የሚያስፈልገው የግብዣ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ሥራዋን ትታ ስትመጣ አሮጊቷ ጋ የሚውል ተተኪ ያስፈልጋል። የተተኪዋን የቀን ደመወዝ ከፕሮጀክቱ በጀት ላይ መክፈል ነው፤ ከአንድ ልዑክ የአንድ ሌሊት የሆቴል ሒሳብ ብዙም አይበልጥም።